የፀጉር ፒኗ ያረፈበት መደብ

ቤታችን ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው የልጅ ልጄ ያንን የሒሳብ ትምህርት በጀመረችበት ሰሞን ነው። ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ሜትር፣ አንዱ የቀለም ቆርቆሮ ይዟል። ከበሩ አጠገብ ቁጥር ጻፉና በክብ ዘጉት።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳቸው።

"ለልኬት ነው፣ እማማ።"

ከሰባተኛ በታች ያለው ሰፈር እንዲሁ ለልኬት ተብሎ ከተቀባ በኋላ ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላ አልጠየቅኳቸውም። ቀለሙ ሳይደርቅ እየተንጠባጠበ ወረደ። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ሳታየው ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀችና መዳፏ ቀልቶ ገባች። ደም መስሎኝ የምለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ጣልኩት።

"ቀለም እኮ ነው፣ እማዬ። ምን ሆነሻል?" አለች እየሳቀች።

በነጭ ጋዝ አጠብኩላት። ከጥፍሮቿ ሥር ግን ቶሎ አልለቀቀም፤ እስክሪብቶ በያዘች ቁጥር ይታየኝ ነበር።

እማዬ የምትለኝ እኔ ስላሳደግኳት ነው። እናቷ ዓረብ አገር ናት፤ የሄደችው ልጅቷ መራመድ ሳትጀምር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ጌሾ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን አላውቅም። ልጅቷ የምትማረው መሐንዲስ ለመሆን ነው፤ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበረች።

ትምህርቱ ካልኩለስ ይባላል። አንደኛ ዓመት ላይም ካልኩለስ ተምራ ነበር። "ያኛው አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው እንዴት እንደሚሆን ነው" አለችኝ። "ይሄኛው ግን ሁለት ሦስት ነገር አብሮ ሲለወጥ ነው።"

"ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ? ዝናቡም፣ የመኪና ኪራዩም፣ ጾሙም የጌሾን ዋጋ አብረው አይደል የሚያነሱት የሚጥሉት?"

"እንግዲያው አንቺ ሄደሽ ተፈተኚልኝ" አለችኝ።

እሷ ጮክ ብላ ካልተናገረች የሚገባት ሰው አይደለችም። ትንሽ ሆና የማባዛት ሠንጠረዡን የቻለችው ለኔ እየጮኸች ነው። አሁንም እኔ ምስር ስለቅም እሷ እየተንጎራደደች ታስረዳኛለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

"መሳለሚያ ላይ ቆመሽ ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ወዴት ይሮጣል?"

"ወደ ታች ነዋ።"

"ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ብዙ ነው። በየትኛው?"

"በጣም በሚያዘቀዝቀው።"

"እሱን አቅጣጫ ገልብጪው። ወደ ላይ በጣም የሚያስወጣው ማለት ነው። ግራዲየንት የሚባለው እሱ ነው።"

ቃሉን አላውቀውም፤ ውሃውን ግን አውቀዋለሁ። የገባኝ ገባኝ። ደስ ብሏት ራሴን ሳመችኝ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። "በዚህ ትምህርት ከወደቅኩ እባረራለሁ" አለችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ደግማ አላነሳችውም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከታች መንገዱን የሚቆፍረው ማሽን በተነሳ ቁጥር፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ በተንጫጩ ቁጥር፣ የምፈራው ለቤቱ አልነበረም።

አሁን ስለ ቅርጫ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባም።

በሰፈራችን ለበዓል በሬ በቅርጫ ሲታረድ እኔ ከሸራው ራስጌ እቆማለሁ። ቆራጮቹ ወንዶች ናቸው፤ የሚቆጣጠረው ግን የኔ ዓይን ነው። መደብ በምንለው በእያንዳንዱ የሥጋ ክምር ላይ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም መኖር አለበት። መደቡ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ የበር ቁልፍ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት ቀፎ። ዕጣ የሚጥለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆያል፤ የማን ምን እንደሆነ አያውቅም። ዞሮ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ምልክትህ ያረፈበት ድርሻህ ነው። አይለወጥም፤ የጎረቤትህንም መደብ አትነካም። ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ ዕጣ ጣያችን ነበረች።

አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መደባቸውን አይተው "አጥንት በዛብኝ፣ ይደገምልኝ" አሉ።

"ለእርስዎ ከተደገመ ለሁሉም ይደገማል፤ ለሁሉም ከተደገመ ደግሞ ሥጋው እዚሁ ይሸታል" አልኳቸው። ተቀይመውኝ ሥጋቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ልጅቷ ያኔ ከጎኔ ቆማ ሰምታለች።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። መምህሩ ትልቅ የቤት ሥራ ሰጣቸው። ተወያዩ፣ ግን እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ሥሩ፣ የራሴ ሥራ ነው ብላችሁም ፈርሙ ብሏቸዋል። ልጅቷ ሁለት የክፍል ጓደኞቿን ቤት አመጣች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። አንደኛው ሸራ ተራ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ሌላዋ ከገጠር መጥታ እዚያው ግቢ የምታድር፣ መነጽር የምታደርግ ልጅ ናት። መነጽሯ አንድ ጎኑ በፕላስተር ተጠግኗል። ዳቦ ሳቀርብላት ሁልጊዜ ትንሹን ቁራጭ ነው የምታነሳው፤ ይሄ ያናድደኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የነጋዴው ልጅ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በሦስት ከፈላቸው።

"ሦስት ክፍል ነው ያለው። አንድ አንድ እንያዝና ሁሉም የራሱን ሠርቶ ያምጣ። ከዚያ እንለዋወጣለን። እኔ የመጀመሪያውን እይዛለሁ።"

"ለምን አንተ ቀድመህ?" አልኩት ከተቀመጥኩበት።

"ቀላሉ እሱ ስለሆነ ነዋ፣ እማማ።"

ቢያንስ አልዋሸም። "እኛ ቅርጫ ስንካፈል ለአንዱ ጉበቱን ብቻ፣ ለአንዱ አጥንቱን ብቻ አንሰጥም" አልኩት። "ሦስታችሁም ከሦስቱም ውሰዱ።"

"እማማ፣ እንደሱ ካልን እኮ ፋሲካ እዚሁ ቤት ይገባብናል። ዶሮ ይሠሩልናል ማለት ነው?"

ልጆቹ ሳቁ። መነጽራሟ ቀስ ብላ "ለኔ የተረፈው ይሁን" አለች።

"የተረፈ የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም" አልኩ። ስለ አከፋፈሉ አሸንፈውኛል፤ እነሱ የተማሩ ናቸው። በዕጣው ግን አልሸነፍም። "ምልክት አምጡ።"

ልጄ የፀጉር ፒኗን ሰጠች፣ እሱ የሱቃቸውን ቁልፍ፣ መነጽራሟ የእስክሪብቶዋን ክዳን። ጀርባዬን ሰጥቼ ቡና ልትጠጣ በመጣች ጎረቤቴ እጅ አስቀበልኩና ዞሬ አስቀመጥኳቸው። የፈረንጁን ጽሑፍ ማንበብ ስለማልችል ከኔ የተሻለ ዕጣ ጣይ አልነበረም። ፒኑ የመጀመሪያው ላይ አረፈ፣ ክዳኑ መሐለኛው ላይ፣ ቁልፉ መጨረሻው ላይ።

"ዕድለኛ ናት ልጅዎ" አለ የነጋዴው ልጅ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም።

ልጄ ድርሻዋን እንደ ውሃ ጠጣችው። የመሳለሚያውን ዝናብ ለነሱም ነገረቻቸው፤ ቅዳሜ ሲመጡ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ተራራውንም ቁልቁለቱንም በብርድ ልብስ ሠርታ ታሳያቸዋለች። መነጽራሟም አንድ ቀን ዳቦ እየቆረሰች የራሷን በጥቂቱ ተናገረች። ኮርቻ የሚመስል ቦታ አለ አለችን። ፊትና ኋላ ስታዪ ጉድጓድ ውስጥ ያለሽ ይመስልሻል፤ ግራና ቀኝ ስታዪ ደግሞ ጫፍ ላይ ነሽ።

"ታዲያ እዚያ የቆመ ሰው ደህና ነው ወይስ አይደለም?" አልኳት።

"አይደለም፣ እማማ። ትንሽ ከተነካ ይንሸራተታል።"

የነጋዴው ልጅ ግን ስለ ድርሻው ምንም ብሎ አያውቅም። ሠርቶ ያመጣውን ወረቀት ዘረጋላቸው፤ ቀዱት። ልጄ ስትገለብጥ አየኋት፤ አፏ አይንቀሳቀስም። 

"የሱን ለምን ጮክ ብለሽ አትዪውም?" አልኳት ከሄዱ በኋላ።

"የኔ አይደለማ። የደረሰኝ የመጀመሪያው ነው።"

መልሷ ልክ መስሎ ታየኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀስ እያለ ጨለመ። ከላይኛው በር ያሉት ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወጡ። ከኋላችን ያለው ቤት ቆርቆሮው ተነስቶ ግድግዳው ብቻ ቆመ፤ ነፋስ ሲኖር አቧራው በምድጃዬ ላይ ይወርዳል። ለበዓሉ ቅርጫ የሚገባ ቤት አልሞላ አለና በሬው ቀርቶ በግ ታረደ። የነጋዴው ልጅ ቅዳሜ መምጣት ተወ። ወረቀቱ ገብቷል፤ የሚጠበቀው ውጤቱ ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ከሰዓቷ ቀድማ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"መምህሩ ሦስታችንንም ጠርቶናል።"

"ለምን?"

"የሦስታችንም ወረቀት አንድ ነው። መጨረሻው ክፍል ላይ ስህተት አለ። ሦስታችንም ያው ስህተት።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ካላመነን ዜሮ ነው፣ እማዬ። ዜሮ ከሆነ ወደቅኩ ማለት ነው" አለች።

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነበር። አብሬሽ እሄዳለሁ ስላት አይሆንም አለች፤ ማንም ሰው አያቱን ይዞ አይሄድም፣ ያሾፉብኛል አለች። እኔም ያሹፉ አልኳት። የሄድኩት ልለምንላት አልነበረም። ሦስቱም አብረው ካጠፉ ሦስቱም እኩል ይቀጡ፤ የሀብታሙ ልጅ ሾልኮ የኔዋና ያቺ የገጠር ልጅ እንዳይቀሩ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በገበያም አይቻለሁ።

በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ።

"እማማ፣ የምን ክፍል ተማሪ ነዎት?" አለ እየቀለደ።

"የካልኩለስ።"

"እሱስ ከሆነ ይግቡ፤ ከዚያ ትምህርት በሰላም የወጣ የለም" አለና አሳለፈኝ። ልጅቷ አልሳቀችም።

መምህሩ ገና ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ካፖርቱ ትከሻው ላይ የሰፋው፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው። ጥቁር ሰሌዳ ባለበት ባዶ ክፍል ተቀምጦ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቷል። እኔን ሲያይ ብድግ አለ፤ ወንበር ሰጠኝ።

"ሦስት ሰው በአንድ መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እማማ" አለኝ። "በአንድ መንገድ መሳሳት ግን ይከብዳል። ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ልልከው እችል ነበር። ከላክሁት ለማንም አይበጅም። ስለዚህ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እጠይቃቸዋለሁ። ራሱ ሠርቶት መሆኑን ያሳየኝ ሰው ውጤቱን ይወስዳል፤ ያላሳየ ዜሮ ነው። ከየክፍሉ አንድ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ።"

ንግግሩ ልክ ነው። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

"መምህር፣ እኔ የመጀመሪያውን ልሥራ" አለ የነጋዴው ልጅ።

ዞሬ አየሁት። "ዛሬም አንተ ቀድመህ?"

መነጽራሟ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች። "ለኔ የተረፈው…" ማለት ጀመረች። እንደገና። 

"መምህር" አልኩ፣ "የሚመርጥ ካለ ቀድሞ የተናገረው ሽንጡን ይወስዳል። በዕጣ ይሁን።"

ልጄ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ "እማዬ፣ ተዪው። ሁላችንም የየራሳችንን እንውሰድ" አለችኝ። 

"የየራሳችሁ ምን የሚሉት ነው?" አልኳት፤ በሹክሹክታ አልተናገርኩም። "ሦስታችሁም ሦስቱንም ሠራን ብላችሁ አይደል የፈረማችሁት?"

 መምህሩ ቀና ብሎ ልጆቹን ተራ በተራ አያቸው።

"እማማ ልክ ናቸው" አለ።

ሦስት የጥያቄ ወረቀት በግንባራቸው ደፋ። ልጆቹን ምልክት ጠየቅኩ። እሱ ያንኑ ቁልፍ፣ መነጽራሟ ክዳኗን፣ ልጄ ከፀጉሯ ፒኗን ነቅላ ለመምህሩ ሰጡት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ዛፉ ሥር ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። ዞሬ ከመምህሩ እጅ ተቀበልኩና አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው።

ክዳኑ መሐለኛው ክፍል ላይ አረፈ። መነጽራሟ የራሷ ደረሳት። ሰሌዳው ላይ ወጥታ ያንን ኮርቻ ሣለችው፣ ሒሳቡንም እስከ መጨረሻው ጻፈችው። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

ቁልፉ የመጀመሪያው ላይ አረፈ። የነጋዴው ልጅ ጠመኔውን አንስቶ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለ፦ "መሳለሚያ ላይ ቆመን ዝናብ ቢዘንብ ውሃው በጣም በሚያዘቀዝቀው በኩል ነው የሚሮጠው…" ከልጄ አፍ የወጣውን ቃል በቃል። እጁን እንኳ እንደሷ ነበር የሚያወናጭፈው። መምህሩ ሳቅ አለ። "ጥሩ ምሳሌ ነው" አለው። ልጁ ወደ ልጄ አላየም።

ፒኑ መጨረሻው ላይ ነው። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ አነበበው። "ደብል ኢንተግራል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠሽ ሥሪው።"

ያን ቃል ቤቴ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። ምስር ስለቅም፣ ልብስ ሳጥብ፣ ድስት ስጥድ፣ ስንት የማላውቀው ቃል ሰምቻለሁ፤ ያንን ግን አንድም ቀን። ያኔ ገባኝ። እሷ ሰሌዳው ጋ ሳትደርስ ገባኝ።

ሦስት ማዕዘን ሣለች። በጎኑ ቁጥሮች ጻፈች። ከዚያ አንድ ረጅም ምልክት፣ ከዚያ ሌላ። ከዚያ ቆመች። ጠመኔው ሰሌዳውን እንደነካ ቀረ። የጻፈችውን በመዳፏ አጠፋችና ያንኑ መልሳ ጻፈችው። መምህሩ ጠበቀ። ሁለቱ ጓደኞቿ መሬት መሬት ያያሉ።

"ዳር ዳሩን አስቢው" አላት።

 ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ፒኑ ስለወለቀ ፀጉሯ በአንድ ጎን ወርዷል።

መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ይህን እናገራለሁ። እኔን አየ። "ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ክፍል" አለ። "ከፈለግሽ ዕጣው ይደገምልሽ።"

ዞረች። እሱን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው።

"ለነሱ ተደግሟል?" አልኩት መምህሩን።

"አልተደገመም፣ እማማ። ግን…"

"እንግዲያው ለኔም ልጅ አይደገምም።"

 ከዚያ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሥር ባለው እንጨት ላይ በቀስታ አስቀምጣ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ፒኗን ከጠረጴዛው አንስታ ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ባዶ ቦታ ከጎኔ ነበር፤ እሷ ከኋላ ሄዳ ተቀመጠች። መሳለሚያ ስንወርድ ዝናብ ጀምሯል። ውሃው በጣም በሚያዘቀዝቀው በኩል ሲሮጥ ሁለታችንም አየነው።

ወደቀች። ተባረረች። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ትችያለሽ፣ ሊቀበሉሽም ላይቀበሉሽም ይችላሉ ተባለች። መርካቶ ውስጥ ባልዲና ሳፋ የሚሸጥ ሱቅ ገባች። ከሥራ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ስለ ማመልከት ስጠይቃት "እስቲ" ትለኛለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እኔ አላውቅም ነበር፤ ማሽኑ እንኳ ሲቆፍር የሚሰማው ከዚያ ጸጥታ በታች ነው።

ጎረቤቴ፣ ያቺ ምልክት የተቀበለችልኝ፣ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን "እትዬ፣ ለገዛ ደምሽ እንኳ?" አለችኝ።

"መነጽራሟም እናት አላት" አልኳት።

"እሷማ አለፈች። ከማን ነው የምትከላከዪላት?"

ልብሱን ማስጣቴን ቀጠልኩ። አጥፍቻለሁ ብዬም አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። ቢደገምላትና ብታልፍ ሌሎቹ ያልተሰጣቸውን ይዛ ነው የምታልፈው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ትክክል ነው። ግን ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ ትክክል ነው ብሎ መናገር ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲቃረብ የኛም ተራ ደረሰ። ቀይ ቁጥር የተቀባልን ሁሉ ወረዳው አዳራሽ ተጠራን፤ ምትክ ቤት በኮንዶሚኒየም ይሰጣችኋል፣ ፎቁ በዕጣ ነው ተባለ። ልጅቷ ከሱቋ አስፈቅዳ መጣች። ከኋላዬ ቆመች።

ዕጣው ባልዲ ውስጥ ነው። እጄን ሰድጄ አወጣሁና ለሠራተኛዋ ሰጠኋት። ከፍታ አየችውና ወደ ጉልበቴ ተመለከተች።

"አምስተኛ ፎቅ ነው፣ እማማ። የመጨረሻው። አሳንሰር የለውም።" ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ ተነጋገረችና ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። "እርስዎ አቅመ ደካማ ነዎት። መልሰን እንክተተውና ሌላ ያውጡ።"

ከኋላዬ ሰልፉ ገና ረጅም ነው። መልሼ ከከተትኩት ከነዚያ ለአንዱ ነው የሚወጣው። እዚያ ውስጥ ሕፃን ያዘለች አለች፣ በከዘራ የቆመ አለ። እነሱ ግን አልነበሩም የከበዱኝ። የከበደኝ ጀርባዬ ላይ ያለው ዓይን ነው። ሳላየው አውቀዋለሁ። ልጅቷ ጠመኔ ይዛ ስትዞር ያየሁት ዓይን ነው።

አልዞርኩም። ጉልበቴ አሁንም ሲያመኝ ያን ጊዜ አስበዋለሁ።

"የደረሰኝ ይሄ ነው" አልኩና ወረቀቱን ተቀብዬ ጡቴ ሥር ከተትኩት።

ቤቱን ልናይ በማግስቱ ሄድን። ደረጃው መስኮት የለውም፤ በቀን ጨለማ ነው። የእጅ መደገፊያው ገና አልተሠራም፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ባዶ ነው። ውሃ እስከ ላይ እንደማይወጣ ከታች የሚኖሩ ነግረውናል። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ። ልጅቷ ከፊቴ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ ቆማለች፤ ፊቷ አይታየኝም።

"እማዬ" አለች።

"እ።"

"ሳምቡሳ አስቢ።"

  ጮክ ያለ ድምፅዋን ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ሳምቡሳውን በርዝመቱ ቆራርጠሽ መደመር ትችያለሽ፣ በወርዱም ቆራርጠሽ መደመር ትችያለሽ። ድምሩ ያው ነው። ግን አቆራረጡን ስትለውጪ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ እንደገና መለካት አለብሽ። እኛ ሦስታችንም አቆራረጡን ለውጠን ዳር ዳሩን የድሮውን ተውነው። ስህተቱ እሱ ነው።"

"ይሄ ብቻ?"

"ይሄ ብቻ።"

"መቼ ገባሽ?"

"በዚያው ሳምንት። ሱቅ ውስጥ፣ ብቻዬን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

 ከላይ የሆነ ቦታ በር በነፋስ ተላተመ።

"አመለክታለሁ" አለች በመጨረሻ። "ከተቀበሉኝ ከመጀመሪያው ገጽ ነው የምጀምረው። ሦስቱንም መደብ።"

"ካልተቀበሉሽስ?"

 ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲወጣ ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ እኔን ሳይጠብቅ፣ ሳይርቀኝም። እኔም መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ ባዶው ወዳለበት በኩል ሳላይ፣ ተከተልኳት።